የዘባድ ዕድር

ትርሲት ቁርሷን እየበላች የዘንዶውን ሆድ ታክም ነበር። በግራ እጇ ዳቦ ይዛ፣ በቀኟ ከፊቷ የተንሳፈፈውን የብርሃን ገበታ ትነካካለች። ዘንዶው ትናንት እሳት ተፍቷል። እሳት የተፋ ዘንዶ እንደ ደንቡ ሊርበው ይገባ ነበር፤ አልራበውም። ያልራበው ዘንዶ ከተራራው አይወርድም፤ ዘንዶው ካልወረደ ደግሞ የሸለቆው ሰዎች ግንብ አይሠሩም፣ ዘብ አይቆሙም፣ ተሰብስበው አይመክሩም።

«ዛሬስ ምን ሆነ?» አለ ዶክተር ኩምሳ በሩ ላይ ቆሞ።

«ጠግቧል።»

«ጥጋብ በሽታ የሚሆነው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።»

«አንተ ሰው ሲተኛልህ ደስ ይልሃል፤ እኔ የሚተኛ ዘንዶ ምን ያደርግልኛል?» አለችና የረሃቡን ልክ ከፍ አደረገችው። ዘንዶው ገበታው ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ሸለቆው ማየት ጀመረ።

መርከቢቱ «ሶፍ ዑመር» ትባላለች። ከምድር ከተነሳች ዓመታት አልፈዋል፤ ለመድረስም ገና ዓመታት ይቀሯታል። ተሳፋሪዎቿ በሙሉ በታችኛው አዳራሽ ንቁ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ንቁ እንቅልፍ ገላ ተኝቶ አእምሮ ሌላ ዓለም ውስጥ የሚኖርበት እንቅልፍ ነው። ሳይተኙ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ኩምሳ የተሳፋሪዎቹን ገላ ይጠብቃል፣ ትርሲት የሚኖሩበትን ዓለም ትጠብቃለች። ያ ዓለም ዘባድ ይባላል። ዘንዶ ያለበት፣ አስማት የሚሠራበት፣ ሁሉም የሚጫወተውን ሰው መርጦ የገባበት አገር ነው። አንዱ ጋሻ ጃግሬ ሆኗል፣ አንዷ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንዱ ምን እንዳማረው እንጃ ሌባ።

ዘባድን የሠራችው ትርሲት ራሷ ናት። ሙያውን የተማረችው ታሊን ነው፤ በረዶና ጨለማ በጠገበች ከተማ፣ ዓለም እንዴት እንደሚቆም የሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ። እዚያ መጀመሪያ የሚነገረው ስለ አንድ የከሸፈ ዓለም ነው። በዚያ ዓለም አስማት ነፃ ነበር። ሁሉም እየበረረ ስለሚሄድ መንገድ የሠራ አልነበረም። መንገድ ስለሌለ ማደሪያ ቤት አልነበረም፤ ማደሪያ ስለሌለ እንግዳ ከእንግዳ አልተገናኘም። እንጀራው በቃል ስለሚመጣ ገበያ አልቆመም። በመጨረሻ ሁሉም በየተራራው አናት ብቻውን ተቀመጠ፤ እዚያ የተኙት ሰዎች አእምሮም እንዳልሠራ ጡንቻ ላላ፤ ብዙዎቹ ከእንቅልፋቸው አልተመለሱም።

ስለዚህ ለዘባድ አንድ ደንብ ጻፈች፤ አስማት የሠራ የሚወደውን አንድ ትዝታ ይከፍላል። ሌላው ሁሉ ከዚያ ወጣ። ድልድይን በቃል ማቆም ስለሚያስከፍል የወንዝ ዳር ሰዎች ጀልባ ጠረቡ። መብራትን በቃል ማብራት ስለሚያስከፍል ቀርነ የምትባለው ከተማ ፀሐይ ሳትጠልቅ እራቷን ትበላለች። ትርሲት በዚህ ሥራዋ ትኮራ ነበር። ሰው ውድ ነገሩን ይቆጥባል፤ የሚቆጥብ ሰው ያስባል፤ የሚያስብ ሰው በደህና ይነቃል። እንዲህ ነበር የተማረችው።

«ዘንዶሽን ተይውና አንድ ነገር ነይ እይልኝ» አለ ኩምሳ። ድምፁ ውስጥ የቅድሙ ቀልድ አልነበረም።

ወደ ታችኛው አዳራሽ ወረዱ። በእያንዳንዱ ተኚ ራስጌ ላይ «ጥልፍ» የሚሉት ነገር አለ፤ የሰውየው ትዝታ በመስታወት ላይ በቀለም ክር ተጠልፎ የሚታይበት ምስል ነው። ሰማያዊው ክር የዘባድ ትዝታ ነው፣ ቀዩ የምድር። ኩምሳ የአንዲት ሴትዮ ጥልፍ ፊት ቆመና በጣቱ አመለከተ። ሰማያዊው እንዳለ አለ። ቀዩ ግን አይጥ የገባበት ጨርቅ መስሏል።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ነው» አለች ትርሲት።

«መስሎኝ ነበር። ሁሉንም ፈተሽኩ። አልተበላሸም።»

«ቀዩን ማን ነካው? ዋጋው የሚከፈለው ከዘባድ ትዝታ ነው።»

«እንደዚያ ብለሽ ጽፈሻል?»

ትርሲት የጻፈችውን ደንብ በልቧ ደገመችው። እንደዚያ ብላ አልጻፈችም። «የሚወደውን» ነው ያለችው። ዘባድን የሚያንቀሳቅሰው ማሽን በበኩሉ ቃሏን አክብሮ በእያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ ውድ የሆነውን ሲፈልግ የአደን ውሎና የዘባድ ጀምበር አላረካውም። የልጅ ሠርግ አገኘ። የእናት ሳቅ አገኘ። እየመዘዘ ወሰደ።

ሮጣ አባቷ ጋ ሄደች። አቶ ወንድይራድ ከአዳራሹ ጥግ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ተኝተዋል። ጠዋት ጠዋት እዚህ መጥታ «አባዬ፣ ደህና አደርክ?» ትላቸዋለች፤ በጥልፉ መካከል አንድ ወፍራም ቀይ ክር ይበራል። ሰሞኑን ሲደበዝዝ አይታ የመብራቱ ነገር ነው ብላ ትታው ነበር።

«አባዬ፣ ደህና አደርክ?»

የበራ ነገር የለም። እንደገና ጠራቻቸው። ስሟን ነገረቻቸው። ጥልፉ እንደ ተዘጋ ሱቅ ዝም አለ።

ኩምሳ ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገና ያልሄዱ ክሮች አሉ። እናትሽ አሉ። ሰፈራችሁ አለ። ግን በዚህ ከቀጠለ ስንደርስ አይኖሩም። እኔን የገረመኝ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚከፍሉት። ሁሉም፣ ትንሽ ትንሽ። ምንድን ነው እንደዚህ አብረው የሚሠሩት?»

ገበታውን ከፍተው ፈለጉ። ክፍያው ሁሉ ቀርነ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ አንድ ፈውስ ነበር። የሚፈወሰውም ኦርዳን የሚባል ሽማግሌ በረኛ ነው።

ኦርዳን ሰው አይደለም። ትርሲት በአንድ ከሰዓት የጻፈችው ገጸ ባሕርይ ነው። ሥራው መሞት ነበር፤ ሲሞት የሰሜኑ በር ይከፈታል፣ ታላቁ ጉዞ ይጀመራል። ማንም ብዙ እንዳያዝንበት ነጭናጫና ምላሰኛ አድርጋ ነበር የፈጠረችው። የዘባድ አስማት ሁሉ የተጠነጠነው በእሱ ሞት ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ቋጠሮ እሱ ነው። በሽታውን አስማት ለጥቂት ጊዜ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም።

«በሩ እስካሁን አለመከፈቱ አልገረመሽም?» አለ ኩምሳ።

«ቀርነን ወደዋት ነው ብዬ…»

«ከዚህ ሆነሽ ግደይው ወይም አድኚው።»

«አይሆንም። ቋጠሮው ከተነካ ደንቡ ይፈታል። ሰው እያለበት ደንቡ የተፈታ ዓለም ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።»

ያውቃል። አንድ መርከብ በዚህ ምክንያት በድን ብቻ ጭና ደርሳለች። መቀስቀስም አይቻልም፤ ለነቃ ሰው ሁሉ የሚበቃ ምግብም አየርም አልተጫነም። የቀረው አንድ መንገድ ነው፤ ገብቶ መክፈላቸውን እንዲተዉ ተሳፋሪዎቹን መለመን። ትርሲት ያልተኛ ሰው ለአጭር ጊዜ ዘባድ የሚገባበትን የህልም ቆብ አጠለቀች።

ቀርነን የሠራቻት በጥቁር ድንጋይ ግንብ፣ በጠባብ መንገድ፣ በሹል ጣሪያ ነበር። ስትደርስ በከተማይቱ መሐል፣ የአስማተኞች አደባባይ ብላ በሰየመችው ሜዳ ላይ፣ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ አገኘች። ድንኳን አልሠራችም። ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችም አልሠራችም። ባለ ብረት ጥሩር ሰዎች፣ የሚያብረቀርቅ በትር የያዙ አስማተኞች፣ አንድ ክንፍ ያለው ሰውዬ ጭምር፣ በየወንበሩ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ያወራሉ። በሩ ላይ ጥሩምባ የያዘ ሰው ቆሟል።

«እንግዳ ናት» አለ ጥሩምባ ነፊው። «ወይዘሮ አስካለ፣ እንግዳ መጥታለች!»

የመድኃኒት ቀማሚ ካባ የለበሱ ወፍራም ሴትዮ ተነሥተው ሳሟት። «ውይ፣ ምነው እንዲህ ቀጠንሽ? በየት በኩል መጣሽ? ዘንዶው አላገኘሽም? ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ትርሲት።

«ዕድራችን ነዋ! መጀመሪያማ ለቀብር ነበር የተቋቋመው። እዚህ አገር ሰው ጦር ሜዳ ይወድቅና ሬሳው የትም ይቀራል፤ ነውር አይደለም? ኋላ ደግሞ ሳስበው፣ ተሰብስበን ከምንቀብር ተሰብስበን ብናድንስ? አንድ ሰው ብቻውን ቢከፍል ያብዳል። ስንካፈለው ግን ምንም አይሰማም።»

ትርሲት ታሊን በተማረችው ሁሉ ውስጥ ይሄ አልነበረም። ዋጋ ሰውን ቆጣቢ ያደርጋል ብለው ነው ያስተማሯት። ዋጋው ይከፋፈላል ያላት የለም። ዕድር ምን እንደሆነ እያወቀች፣ ከዕድርተኛ ቤት ተወልዳ፣ ደንቡን ስትጽፍ አንዴም ትዝ አላላትም።

ያን ጊዜ አባቷን አየቻቸው። ጦረኛ መሆንን መርጠው ነበር የገቡት፤ አሁን ግን ጋሻቸውን ጠረጴዛ አድርገው ከድንኳኑ ራስ ተቀምጠዋል። የዕድሩ ዳኛ ሆነዋል።

«አባዬ» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። ፊታቸው ፈካ አለ። «ነይ ልጄ፣ ነይ» አሏት፤ እጇን ዘርግታ ወደ እሳቸው ተራመደች። «ደክሞሻል መሰለኝ። የማን ነሽ?»

ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ስትላቸው የኖረችውን ሰው «እርስዎ» ስትል ራሷን ሰማች። «እርስዎን ለማነጋገር ነው የመጣሁት። እባክዎ ሰዉ ሁሉ ይስማኝ።»

ነገረቻቸው። ኦርዳን ሰው እንዳልሆነ፣ ራሷ እንደጻፈችው፣ የሚከፍሉት ትዝታ እውነተኛ እንደሆነ፣ ሲነቁ የወለዷቸውን እንደማያውቁ፣ ሁሉንም። ክንፍ ያለው ሰውዬ ቆሎውን መቆርጠም አቆመ።

«እናውቃለን» አሉ ወይዘሮ አስካለ በዝግታ።

«ምን?»

«እውነተኛው እንደሚሄድ እናውቃለን። የሰጠነውን አናስታውስም፤ መስጠታችንን ግን እናስታውሳለን። እኔ ልጅ ድሬያለሁ ብዬ ለዚች አውርቼላት ነበር» አሉ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ቀስተኛ እያመለከቱ። «አሁን እሷ ናት ሠርጉን የምትነግረኝ። ደህና ሠርግ ነበር አሉ።»

«ታዲያ ለምን? ሰው እንኳ ላልሆነ!»

አቶ ወንድይራድ ጋሻቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ሰው አይደለም ስትዪ ግራ ይገባኛል ልጄ። ሰው ያማል። የተዋሰውን አይመልስም። ሾርባ ስትወስጂለት ጨው በዛ ይላል። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ሰው አለ?» ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ አቆሙ። «ደግሞ አባላችን ነው። አባል ሆኖ የተመዘገበን ሰው፣ አንተ አይገባህም ብለን ከየት እንጀምራለን? ዛሬ እሱን፣ ነገ ማንን?»

ወይዘሮ አስካለ ክንዷን ይዘው አስነሷት። «በይ፣ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ማስታመሙን አንድ ተራ ይይዛል። ሄደሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። ሲብስበት ጥሪን፤ ጥሩምባው ይነፋል።»

ኦርዳን ከግንቡ ሥር ባለች ክፍል ተኝቷል። ስትገባ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ወሬሽን ሰምቻለሁ። ግድግዳው ስስ ነው» አለ። «ሞቴን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ይባረክ። ሳሉን ግን አብዝተሽዋል።»

ያልጻፈችለትን ንግግር ነበር የሚናገረው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ብዙ ስለኖረ ከእነሱ የለመደው መሆን አለበት። ትርሲት ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ለምኛቸዋለሁ» አለ ኦርዳን። «ተዉኝ ብዬ፣ ሰድቤ፣ ሾርባ ደፍቼ። አይሰሙም። አንቺ ብልህ ትመስያለሽ። ሲብስብኝ ዝም በይ። ሌላ ምንም አልልሽም፤ ዝም በይ ብቻ።»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ይህንኑ ስታስብ ነበር። ዝም ብትል በሩ ይከፈታል፣ ክፍያው ይቆማል፣ በአባቷ ጥልፍ ውስጥ የቀረው ቀይ ክር ይተርፋል። ማንንም መግደል አይደለም። አንድ ከሰዓት ተቀምጣ የጻፈችውን መጨረስ ነው።

ትንፋሹ መቆራረጥ ሲጀምር እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። ይሄ ጽሑፍ ነው አለች ለራሷ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ። ያንንም ጽፌዋለሁ አለች። እጁ ብርድ ልብሱን መዳሰስ ጀመረ፤ የሚይዘው ነገር እየፈለገ። ይሄን አልጻፍኩም አለች። ዓይኑ ፈጥጦ ወደሷ ዞረ፤ ተይ ይሁን እርጂኝ ሊል የፈለገው፣ መናገር አልቻለም።

ከወንበሯ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። በሩን በርግዳ «ኧረ ሰው! ኧረ ድረሱ!» ብላ ጮኸች፤ ከሰፈሯ ከወጣች ወዲህ ጮኻ በማታውቀው ድምፅ። ጥሩምባው ተነፋ። ጥሩር የለበሱት፣ በትር የያዙት እየተሯሯጡ መጡ፤ አልጋውን ከብበው እጅ ለእጅ ተያያዙ።

«አዲሷ ትቅር» አለ አንዱ።

«የእንግዳዋን ድርሻ እኔ እደርባለሁ» አሉ አቶ ወንድይራድ፣ ቀለል አድርገው፣ የታክሲ ሒሳብ እንደሚከፍል ሰው።

«አይሆንም!» አለች ትርሲት። ከሳቸው ላይ ሌላ ክር! እጃቸውን ቀድማ ያዘችው። በዚያች ቅጽበት የምትሰጠው ነገር ከፊቷ መጣ። ከታሊን የተመለሰች ቀን ነበር፤ አባቷ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ ከሆቴል ሾፌሮች መካከል፣ በካርቶን ላይ ስሟን ጽፈው ከፍ አድርገው ቆመዋል፤ ሴት ልጃቸው እንዳትስታቸው ፈርተው። የ«ት»ን እግር አጣምመዋታል። አየችው፤ ከዚያ ምን እያየች እንደነበር ጠፋት።

ኦርዳን አሳለና «ማነው የረገጠኝ?» አለ።

ቆቡን ስታወልቅ ኩምሳ፣ ጥሩምባውን በገበታው ሰምቶ፣ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

«ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ማን ጠራ?»

«እኔ።»

«ምን ከፈልሽ?»

«እንጃ» አለች። የወለቀ ጥርስ ቦታን በምላስ እንደሚፈልግ ሰው በውስጧ ፈለገች። ቦታው አለ፤ ለስላሳ ነው።

«እብድ ነሽ!» ተነሥቶ ቆመ። «ኮድ ነው፣ ትርሲት! ሁለት መቶ መስመር የማይሞላ ኮድ! እኔ እገባለሁ። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ስንት ሰው እጄ ላይ ሞቷል። ሞትን ቁጭ ብሎ ማየት ሙያዬ ነው። እዚያ ውስጥ ዘመድም የለኝ።»

«ግባ» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። እንዲሳካለት ፈለገች፤ ደግሞም እንዳይሳካለት።

ቆቡን አጥልቆ ጋደም አለ። ትርሲት ከአዳራሹ መካከል ቆማ ጥልፎቹን ትጠብቃለች። ቀዩ ክር ሁሉ ጸጥ ብሏል። ቆየ። በጣም ቆየ። ሳይሳካለት አይቀርም ብላ ስታስብ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ነፋስ እንደመታው ማሳ፣ ጥልፎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ተንቀጠቀጡ። ከእያንዳንዱ አንድ ቀጭን ቀይ ክር ወጣ። ከአባቷም ወጣ።

ኩምሳ ቆቡን አውልቆ ቁጭ አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ጠራህ» አለች።

«አትጠይቂኝ» አለ። ቆቡን በእጁ እያገላበጠ ግን ራሱ ቀጠለ። «እጁን ዘረጋ። የሚይዘው ነገር የፈለገ መሰለኝ። ያዝኩት። ከያዝኩት በኋላ… እንዴት ብዬ ነው ደግሞ የምለቀው?»

አጠገቡ ተቀመጠች። ማሽኑ ከፊታቸው የተሳፋሪዎቹን የአእምሮ ጥንካሬ መለኪያ ያሳያል፤ በየትኛውም መርከብ ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ነው። አእምሯቸው አልላላም። ከሚቆጥብ ይልቅ የሚሰጥ አእምሮ ጠነከረ። በደህና ይነቃሉ። ሲነቁ ልጆቻቸውን አያውቁም፣ የተነሡባትን ምድር አያውቁም፤ ተነሥተው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነጭናጫ በረኛ ጤና ይሆናል፤ ያን ጊዜ እሷ የምታሳያቸው መቃብር እንኳ አይኖራትም።

«እኛ ከእንግዲህ አንገባም» አለ ኩምሳ። «ቢያንስ አንዳችን መርከቧን እንዴት እንደምናሳርፍ ማስታወስ አለብን።»

«አንገባም።»

«ማይልኝ።»

ማለችለት። እሱም ማለላት። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። ከዚያ ትርሲት ወደ ዘንዶዋ ተመለሰች፣ ኩምሳም ወደ ተኚዎቹ፤ እስከ ምሳ ድረስ ሁለቱም ሥራቸውን በደንብ ሠሩ።

ምሳ ላይ ገበታው ቀርነ ውስጥ የተነፋ ጥሩምባ ድምፅ አሰማ። ትርሲት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ላለመነሣት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨብጣ ቀና ስትል፣ ኩምሳ ቆቡን አጥልቆ፣ ሁለተኛውን ለእሷ ዘርግቶላት ነበር።